የሬዚደንቱን ዳታ ልሰብስብ ወይስ ልተወው?

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ሲ-ዋን። የምማረው ከአዲስ አበባ ውጭ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውን ባልጠቅሰው ይሻላል። አሁን ውስጥ ደዌ ላይ ነን፤ በሚቀጥለው ወር ወደ ሕፃናት ክፍል እንዞራለን። አንድ ሊመረቅ የደረሰ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) ለመመረቂያ ጽሑፉ በዲኬኤ (ኢንሱሊን ሲጎድል በሚመጣ አጣዳፊ የስኳር ሕመም) ተኝተው የታከሙ የስኳር ሕሙማንን ቻርት ከካርድ ክፍል እያወጣን ፎርም እንድንሞላለት እኔንና ሁለት ጓደኞቼን ጠየቀን። ለእያንዳንዳችን ወደ 130 ቻርት ይደርሰናል። ‹ፐብሊሽ ሲደረግ ስማችሁ ይገባል› ብሎናል።

የዶርም ጓደኛዬ ‹ዩኤስኤምኤልኢ፣ የአሜሪካውን የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና፣ ካሰብሽ ያለ ፐብሊኬሽን ከንቱ ድካም ነው› ትለኛለች። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ተጽፎ ባለቀ ፔፐር ላይ በ12 ሺህ ብር ስም የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ከክፍላችን የገዛ አለ። አባቴ መምህር ነው። ‹መጀመሪያ የያዝሽውን ጨርሺ፣ ከሁለት ያጣ እንዳትሆኚ› ይለኛል። ፋርማኮሎጂን ለጥቂት እንዳለፍኩ ያውቃል። እኔ ራሴ ምርምር ልውደድ አልውደድ አላውቅም። የምወደው ዋርድ ላይ ሰው ማናገር ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ቤታቸው ፍሪጅ ስለሌለ ኢንሱሊናቸውን ገንቦ ውስጥ፣ ገንቦውን ደግሞ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብረው እንደሚያስቀምጡ ሲነግሩኝ ‹ይሠራ ይሆን?› እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ፤ ሲኒየሩን ለመጠየቅ ግን አፈርኩ። ሬዚደንቱ እስከ እሑድ መልስ ይፈልጋል። የኤስፒኤስኤስ (የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር) ኮርስም በ3,500 ብር ልጀምር እያሰብኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ግራ የገባት ሲ-ዋን

እህቴ፣

እሑድ ቅርብ ስለሆነ መልሱን ላስቀድም። ለሬዚደንቱ በአክብሮት «አልችልም» በዪው፤ ካልሆነም ተከፍሎሽ ሥሪለት። ስም የሚሸጡትን ዛሬውኑ ከስልክሽ አጥፊያቸው። ምርምሩን ግን አትተዪው። ጥሩ የጥናት ጥያቄ አስቀድሞ እጅሽ ገብቷል፤ ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ አልፈሽዋል። እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ሬዚደንቱ ያቀረበልሽን ሥራ ቀረብ ብለሽ እዪው። የካርድ ቁጥሮችን ከዋርዱ መዝገብ ገልብጦ ይሰጥሻል። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ በሰልፍ የተጨናነቀ ሰው ነው፤ ከሃያ ቁጥር አሥራ አራቱን ካገኘልሽ ቀኑ ደግ ነው። ከተገኘው የአንዱ የመግቢያ ወረቀት ተገንጥሏል። የሌላው ትእዛዝ ላይ ፊርማው ይነበባል፣ የኢንሱሊኑ መጠን አይነበብም። የሦስተኛው የደም ግፊት ለአራት ቀን ሙሉ በየስድስት ሰዓቱ 120/80 ተብሎ ተሞልቷል፤ ሰውዬው ግን የገቡት ራሳቸውን ስተው ነው። ፎርሙ «መነሻ ምክንያት» ብሎ ኢንፌክሽን፣ መድኃኒት ማቋረጥ፣ አዲስ የታወቀ ስኳር፣ ሌላ እያለ ይዘረዝርልሻል። ቻርቱ ዝም ብሏል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ነገ ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ ኬዝ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ። «መድኃኒት ማቋረጥ» ላይ ምልክት ማድረግ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህች ጋ ነው፤ በኋላ የሚመጣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ቢራቀቅም የሚያቃናው ነገር የለም።

ለነገሩ ስለ ስኳር ካነሳን፣ ቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን አመንጪ ደሴቶች መጀመሪያ የገለጻቸው ተማሪ ነበር። ፖል ላንገርሃንስ በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1869 ለመመረቂያ ጽሑፉ በማይክሮስኮፕ ያያቸውን የሕዋስ ክምችቶች ዘርዝሮ ጻፈ፤ ምን እንደሚሠሩ ግን እንደማያውቅ እዚያው ተናገረ። ኢንሱሊን ከዚያ ተነጥሎ የወጣው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በ1921 ቶሮንቶ ላይ ነው። ያየውን አየሁ፣ ያላወቀውን አላውቅም ብሎ ተመረቀ፤ ዛሬ ደሴቶቹ በስሙ ይጠራሉ። ከቻርቱ ጸጥታ ፊት ስትቀመጪ «አልተመዘገበም» የሚል ሣጥን ፎርሙ ላይ ካላገኘሽ፣ እሱን ማስጨመር የመጀመሪያው ቁም ነገርሽ ይሁን።

ቻርት ማገላበጥ ትምህርት የለውም አላልኩም። ሠላሳ ቻርት ካገላበጥሽ በኋላ የበሽተኛ ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) የምትጽፊበት እጅ ይለወጣል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ካርድ ክፍል የሚገባ ሌላ ሰው እንደሚያነብሽ ታውቂያለሽና። ግን ያ ትምህርት በሠላሳው ያልቃል። የቀሩት መቶዎቹ ጉልበት ናቸው፣ ለጉልበት ደግሞ በየፕሮፖዛሉ የበጀት ሠንጠረዥ ላይ «የዳታ ሰብሳቢ አበል» የምትል መስመር አትጠፋም። ሬዚደንቱ የጥናት በጀት ደርሶት ከሆነ ያ መስመር የእናንተ ነው። ካልደረሰው፣ ከኪሱ እንዳያወጣ ስማችሁን በክፍያ ምትክ ማቅረቡ ነው። እሱንም አልኮንነውም፤ ከዲዩቲ ወደ ዲዩቲ እየሮጠ ያለ ቲሲስ አትመረቅም የተባለ ሰው ነው።

ስለ ስሙ ግን ደንብ አለ። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣው መስፈርት አራት ነገር በአንድ ላይ ይጠይቃል፦ በጥናቱ ሐሳብ፣ በዳታው ወይም በትንተናው ላይ ጉልህ ድርሻ ሊኖርሽ፣ ጽሑፉን ልትጽፊ ወይም በቁም ነገር ልታርሚ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይተሽ ልታጸድቂ፣ ጥያቄ ቢነሳ ተጠያቂ ልትሆኚ። ፎርም ብቻ የሞላ ሰው ቦታው «ምስጋና» የሚለው አንቀጽ ነው። በዚያ ላይ ቲሲስ ሁሉ ፐብሊሽ አይሆንም። ብዙው ተከላክሎ፣ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ባለቤቱም ተመርቆ ሌላ ከተማ ይመደባል፣ ስልኩ አይነሳም። ክፋት አይደለም። ሥራ በዛበት፣ ልጅ ወለደ፣ ረሳው።

ሐሳብሽን ቀይረሽ ልግባ ካልሽ ግን ከእሑድ በፊት ፕሮፖዛሉን እንዲያሳይሽና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘቱን እንዲነግርሽ ጠይቂው። ከዚያ «ጽሑፉ ሲዘጋጅ የውጤቱን ክፍል ረቂቅ እኔ ልሞክረው?» በዪው። ፊቱ ላይ የምታዪው ነገር ይበቃሻል፤ «እሰይ» ካለ ሌላ ነገር ነው። ካላለ ይህን ላኪለት፦ «ዶክተር፣ ስላሰቡን አመሰግናለሁ። አሁን ካለብኝ ትምህርት ጋር ይህን ያህል ቻርት በጥንቃቄ መሙላት ስለማልችል ሥራዎትን እንዳላበላሽ ብዬ ነው።» ሬዚደንት በዚህ አይቀየምም። ግማሹን በዘፈቀደ ሞልቶ ከሚያስረክበው ተማሪ ይልቅ አንቺን ያከብርሻል።

ስለ ስም ሸማቾቹ ብዙ አልልም። 12 ሺህ ብር ከፍለሽ የምትገዢው ተጠያቂነት ነው፤ አንቺ የማታውቂው ሰው ፈጥሮት ሊሆን ለሚችል ቁጥር። መጽሔቱ አንድ ቀን ጽሑፉን ሲሰርዝ «ተሰርዟል» የሚለው ማስታወቂያ ከስምሽ ጋር ይቀራል፣ ስምሽን የሚፈልግ ቀጣሪ ሁሉ ያገኘዋል። የክፍልሽ ልጅ ደግሞ ገና አልታወቀበትም ማለት ነው እንጂ ተሳክቶለታል ማለት አይደለም።

የዶርም ጓደኛሽ ግማሹን ልክ ናት። የዩኤስኤምኤልኢ ስቴፕ አንድ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጤቱ በቁጥር መነገሩ ቀርቶ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሆኗል። ስለዚህ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ዓይን ወደ ስቴፕ ሁለትና ወደ ሌላ ሌላው ነገር ዞሯል፤ ምርምርም አንዱ ነው። ግን በየቦታው የሚጠቀሰው ትልልቅ አኃዝ ፔፐሩን፣ የጉባኤ ማጠቃለያውን፣ ፖስተሩን፣ ንግግሩን ሁሉ ደምሮ የሚቆጥር ስለሆነ አትደንግጪ፤ አንድ ሥራ አራት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ደግሞም የሚወስነው የምትመርጪው ሙያ ነው። ኒውሮሰርጀሪ ወይም ቆዳ ሕክምና ካልሽ ያለ ምርምር ከባድ ነው። ከውጭ የተመረቁ ሐኪሞች በብዛት የሚገቡባቸው ውስጥ ደዌና የቤተሰብ ሕክምና ግን ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ማለፍን፣ እዚያው ሀገር ዋርድ ላይ ያዩሽ ሐኪሞች የሚጽፉልሽን ደብዳቤ ያስቀድማሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ጥናት ንገሪን» ሲሉሽ የካርድ ክፍሉን ሥራ ብቻ የምታውቂ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትቆሚያለሽ። እዚህ ሀገር ቤት ሬዚደንሲ ልግባ ካልሽ ደግሞ ዋናው በር ብሔራዊው የመግቢያ ፈተና ነው፤ እሱን የሚያሳልፍሽ ንባብሽ ነው።

አሁን ወደ ገንቦው።

ደብዳቤሽ ላይ ስለ ሬዚደንቱ፣ ስለ ጓደኛሽ፣ ስለ ቴሌግራሙ ብዙ ጽፈሻል። እንቅልፍ ስለነሳሽ ነገር ግን አንድ አረፍተ ነገር ብቻ። እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ያቺን ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጥ ይባላል፤ የተከፈተው ደግሞ ሙቀት በማያጠቃው ክፍል ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ የሌለው ቤት ምን ያድርግ? ሸክላ ውኃ ያሳልፋል፤ ከላዩ ላይ የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና ውስጡ ይቀዘቅዛል። እኚያ እናት የሠሩት ይህንን ነው። ሳይንሱ ከጎናቸው ነው።

ይሠራ ይሆን ላልሽውም ሌሎች ቀድመውሽ ግማሹን መልሰውታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰሜን ኬንያ ዳዳብ ውስጥ ባለው የዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ለኩ፤ በቀን ውስጥ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ይወጣል ይወርዳል። ይህንኑ መውጣትና መውረድ ላቦራቶሪ ውስጥ አስመስለው ኢንሱሊኑን አራት ሳምንት አቆዩትና በቅዝቃዜ ከተቀመጠው ጋር ሲያነጻጽሩት ኃይሉ አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2021 አሳተሙት። ይህን ፔፐር ያለ ዩኒቨርሲቲሽ ቤተ መጻሕፍትም ከስልክሽ በነፃ ታገኚዋለሽ፤ ክፍያ የሚጠይቅሽን ሌላ ጽሑፍ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እንደኛ ላሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2002 በከፈተው ሂናሪ በኩል ላይብረሪያኑ ያወጣልሻል። እስካሁን ካልጠየቅሽው ሂጂ ጠይቂው፤ ብዙ ተማሪ መኖሩን ሳያውቅ ይመረቃል።

የቀረው ግማሽ ግን ጄኔቫ ውስጥ አይመለስም። በእናንተ ሆስፒታል ክትትል ያላቸው ሰዎች ኢንሱሊናቸውን የት ነው የሚያስቀምጡት? ፋርማሲው መስኮት ላይ ምን ተባሉ? «ፍሪጅ ከሌለህ ይበላሻል» ተብሎ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው፣ ጎረቤቱ በሩን ቆልፎ ለቅሶ ሲሄድ ምን ያደርጋል? መርፌውን ይዘላል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ከዚያ በዲኬኤ ይመጣና ሬዚደንትሽ ፎርም ላይ «መድኃኒት ማቋረጥ» ይሆናል። ያቺ ሣጥን ውስጥ ስንት ዓይነት ታሪክ እንዳለ 390 ቻርት ቢገለበጥ አይወጣም፣ ማንም አልጻፈውምና። የሚወጣው ሰው በማናገር ነው፤ እሱን ደግሞ እወዳለሁ ብለሻል።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ የሄዱት የቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሆነውን ቀንድ አውጣ ለማጥናት ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አዩና ሴቶቹ የሚያደርጉትን ቆመው ተመለከቱ። የእንዶድ ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው። ሽልማትና ዝና የሚያስከትል ግኝት ይገጥምሻል ልልሽ አይደለም፤ ላይገጥምሽ ነው። ጥሩ ጥያቄ ግን በሽተኛው ቤቱ የሚያደርገው ነገር ውስጥ እንደሚገኝ ብዙ መምህር አይነግርሽም፣ ክፍተት ፈልጊ እያለ ወደ ኢንተርኔት ይልክሻል እንጂ።

በተግባር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያፈርሽበትን ጥያቄ ሲኒየሩን ጠይቂ፤ ራውንድ ላይ ካልደፈርሽ ከራውንድ በኋላ። ለእኚያ እናት ግን ከእሱ ቀድመሽ «ችግር የለውም» እንዳትያቸው፤ ያነበብሽው ስለ አንድ ካምፕ ሙቀት ነው፣ የእሳቸውን ገንቦ ማንም አልለካውም። ቀጥሎ ከሕብረተሰብ ጤና ወይም ከፋርማሲ ትምህርት ክፍል ጊዜ ያለው አንድ መምህር ፈልጊ። ታዋቂው ሰው አይሁን፤ ለቴሌግራም መልእክት በሁለት ቀን የሚመልስ ይሁን። ሁለቱን ጓደኞችሽን ያዣቸው። አሥር የማይሞሉ ጥያቄዎች፣ የስኳር ክትትል ክሊኒክ ቀን፣ ሰው ተራውን ሲጠብቅ። ሰው ስለምታናግሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ግዴታ ነው፣ እሱም ወራት ይወስዳል፤ ለዚህ ነው አሁን የሚጀመረው። ዳታውን የምትሰበስቡት ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ ለማኅበረሰብ ሥራ በሚሰጣችሁ ጊዜ ላይ ይሁን። ጅማ የተማሪዎች የጥናት ፕሮግራም አለው፣ ጎንደር በቡድን ሆነው ወደ ማኅበረሰቡ የሚወጡበት የቆየ ልማድ አለው፤ በእናንተም ቢሆን በሌላ ስም የዚህ ዓይነት ነገር አይጠፋም። ብዙ ተማሪ ያንን ጊዜ የአምናውን ሪፖርት ቀን ቀይሮ እያስገባ ያሳልፈዋል።

ሲያልቅ የት እናሳትመው ለሚለው አሁን አትጨነቂ። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል አለ፣ የጅማው የጤና ሳይንስ መጽሔትም አለ፤ ትልልቆቹ የውጭ አሳታሚዎችም እንደኛ ካሉ አገሮች ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያ የሚምሩበት አሠራር አላቸው። «በሦስት ቀን እናትምልዎታለን» የሚል ኢሜይል ከመጣ ከቴሌግራሙ ሰዎች ጋር አንድ ነው።

አባትሽ ስለ ጊዜው ልክ ናቸው። ሕፃናት ክፍል ከባድ ነው፣ ፋርማኮሎጂን ለጥቂት ያለፈ ሰው እዚያ የመድኃኒት መጠን በኪሎ ማስላት ይጠብቀዋል። በዋና ዋናዎቹ አታችመንቶች (በየክፍሉ በምትዞሪባቸው የተግባር ትምህርቶች) ላይ እያለሽ ለጥናቱ የምትሰጪው በሳምንት አንድ ከሰዓት ይብቃ፤ ፈተና ሲቃረብ እሱንም አቁሚ። ኢንተርንሺፕ ላይ ደግሞ አትጀምሪ፣ ያኔ እንቅልፍ ራሱ በሰልፍ ነው። ፕሮፖዛሉን ለአባትሽ አሳያቸው፤ መምህር ስለሆኑ መጠይቁ ለተራ ሰው ይገባ አይገባ እንደሆነ ካንቺ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

ምርምር ልውደድ አልውደድ አላውቅም ላልሽው፣ ሳትሞክሪው ልታውቂ አትችዪም፣ ሞክረሽም ብትጠዪው ምንም የሚጎድልብሽ የለም። አንድም ገጽ ሳያሳትሙ ሀገር እንዲያክሙት የሚመኛቸው ሐኪሞች አውቃለሁ። የማይቀርልሽ ፔፐር ማንበቡ ነው፦ ጥናቱ በማን ላይ እንደተሠራ፣ የእናንተ ሆስፒታል በሽተኛ ከእነዚያ ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ማየት። የዳዳቡን ጽሑፍ ከጓደኞችሽ ጋር አንድ ማታ አንብቡትና ተከራከሩበት።

የኤስፒኤስኤሱን 3,500 ብር አትክፈዪ። የሰበሰብሽው ዳታ ሳይኖር የተማርሽው ሶፍትዌር በሁለት ወር ይረሳል። ለአሥር ጥያቄ የሚያስፈልገው መቶኛና አንድ ሁለት ማነጻጸሪያ ነው፤ ለሱ በነፃ የሚወርድ ሶፍትዌር ይበቃል፣ መጠይቁንም ኮቦ በሚባለው የመጠይቅ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ መሙላት ትችያለሽ። ቁጥሮቹ እጅሽ ሲገቡና ትንተናው ላይ ስትቸገሪ ያን ጊዜ መምህርሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ያሳይሽ፤ እሱን ስትመርጪ ይህን ይችል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂው።